ትንንሾቹ አውሮፕላኖች መገልበጥ ለምን ተዉ?

ከታኅሣሥ 2019 ወዲህ በአውሮፓ የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን የሚማር ሰው አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢያንስ አምስት ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ደግሞ አየር ላይ የሚወስድ ልዩ ሥልጠና መጨረስ ይኖርበታል። የበረራው ክፍል ሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል መሣሪያ) ውስጥ አይሰጥም፤ እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ነው። አስተማሪው አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ያዛባዋል። አፍንጫው ሽቅብ ይወጣል፣ ክንፉ ወደ ጎን ይወድቃል፣ መሬትና ሰማይ ቦታ ይቀያየራሉ። ተማሪው ይህን አስተካክሎ ወደ ቀጥታ በረራ መመለስ አለበት።

ሦስት ሰዓት ብዙ አይደለም። የሚያስቸግረው አውሮፕላኑን ማግኘቱ ነው። በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚማሩባቸው እንደ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ያሉ አውሮፕላኖች ለእንዲህ ዓይነት ሥራ አልተሠሩም። ሴስናው ክብደቱ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ስፒን፣ ማለትም ክንፉ ማንሳት አቁሞ እየተሽከረከሩ መውረድ፣ ይፈቀድለታል፤ አየር ላይ መገለባበጥ ግን አይፈቀድለትም። ዳይመንዱ ስፒንም ክልክል ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሌላ አውሮፕላን ይገዛል፣ ወይም ይከራያል፣ ወይም ተማሪውን ሌላ ቦታ ይልካል።

ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ይህ ያስቆጫል። ከ90 ዓመት በፊት ጀማሪው የሚማርበት፣ ባለቤቱ ለሽርሽር የሚወጣበትና ትርኢት የሚታይበት አውሮፕላን ብዙ ጊዜ አንድና ያው ነበር። አሁን አንዱ ዘር ለጉዞ፣ ሌላው ለግልብጥ ተለያይቷል። መለያየቱ የቴክኒክ ምክንያት አለው፤ እሱን አልክድም። ከቴክኒኩ በላይ የገፋው ግን ገበያው፣ ፍርድ ቤቱና ኢንሹራንሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የተከፈለበትን ዋጋም የምናየው ትንንሾቹ ላይ ሳይሆን መቶና ሁለት መቶ ሰው የሚጭኑት ላይ ነው።

ከሞዝ እስከ ዩንግማን

የግል ጉዞ አውሮፕላን ታሪክ ሲነሳ የእንግሊዙ ዲ ሃቪላንድ ሞዝ አይዘለልም። መጀመሪያ የበረረው በየካቲት 1925 ነው። ፍራንክ ሃልፎርድ የተባለ መሐንዲስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዞ አንዱን ረድፍ አስቀረው። ከቀረው ግማሽ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወጣ። ቀላል፣ ርካሽ፣ መለዋወጫው ሞልቶ የተረፈ ሞተር ነበር። የሞዝ ክንፎች ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ባለቤቱ ከመኪናው ኋላ አስሮ እየጎተተ ቤቱ ይወስደዋል። የእንግሊዝ መንግሥት ለበረራ ክለቦች ድጎማ ሲሰጥ ክለቦቹ የያዙት ይህንኑ ነው። ኤሚ ጆንሰን በ1930 ከለንደን ተነስታ ብቻዋን አውስትራሊያ የገባችው በሞዝ ነው። ያው አውሮፕላን ቅዳሜ ከሰዓት ክለቡ ሜዳ ላይ ይገለባበጥ ነበር።

ሁለተኛው መስመር ከስዊድን ይነሳል። ካርል ክሌመንስ ቡከር የጀርመን ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ጀርመን ጦርነቱን ተሸንፋ አውሮፕላን እንዳትሠራ ስትታገድ ወደ ስዊድን ሄዶ በ1921 ፋብሪካ አቋቋመ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሸጦት ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ስዊድናዊ ንድፍ ሠሪ ይዞ ተመለሰ። አንደሽ አንደርሶን ይባላል። ከዚህ በኋላ በማነሳቸው አራት አውሮፕላኖች ላይ የዚህ ሰው እጅ አለ። ስሙን ግን ከባለሙያዎች ውጭ የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ዩንግማን ነው፤ በሚያዝያ 1934 በረረ። ሁለት ሰው ይይዛል፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጣል። አካሉ የብረት ቱቦ፣ ክንፉ እንጨት፣ ልባሱ ጨርቅ ነው። ሞተሩ 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ሁለቱም ጥንድ ክንፎች ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፤ አራቱም ክንፎች ላይ ማዘንበያ መሪ አለ። ስለዚህ አብራሪው መሪውን በጣት ሲነካው አውሮፕላኑ ወዲያው ይታዘዛል። ናዚ ጀርመን የጦር አብራሪዎቿን አሠልጥናበታለች፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ልክ አይሆንም። ጃፓን ከ1,000 በላይ ሠርታለች። ስፔንም ለአየር ኃይሏ በፈቃድ ሠርታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረጅም ዘመን ተጠቅማበታለች። ስፔናዊው አብራሪ ሆሴ ሉዊስ አሬስቲ የአክሮባት እንቅስቃሴዎችን በመስመርና በቀስት የመጻፊያ ዘዴውን ያወጣው በቡከር አውሮፕላኖች እየበረረ ነው። ዛሬም የዓለም ሻምፒዮና ዳኞች የሚያነቡት የእሱን ምልክቶች ነው።

ከዚያ ዩንግማይስተር መጣ። አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፣ ከዩንግማን ያንሳል፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ክብ ሞተር አለው። ሮማኒያዊው አብራሪ አሌክስ ፓፓና በ1937 የራሱን ዩንግማይስተር ይዞ አሜሪካ የገባው በሂንደንበርግ አየር መርከብ አስጭኖ ነው። አውሮፕላኑ ዛሬ በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። መለያየቱ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዩንግማይስተር ሻንጣ መያዣ የለውም፣ ጓደኛ አይጭንም። ሥራው መገለባበጥ ብቻ ነው።

አንደርሶን ግን በዚያው አልቀጠለም። በ1939 የበረረው ቤስትማን ዝግ የአብራሪ ክፍል አለው፤ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ክንፉም አንድ ጥንድ ብቻ ነው። አስተማሪና ተማሪ እየተያዩ ያወራሉ፤ ባልና ሚስትም ካርታ ዘርግተው ይጓዛሉ። ከጦርነቱ በኋላ ግብፅ ሄልዮፖሊስ በሚገኘው ፋብሪካዋ ጎምሁሪያ በሚል ስም ሠርታዋለች። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የነበረው የዝሊን ፋብሪካም ይሠራው ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሳፊር እና ቢሾፍቱ

በ1939 አንደርሶን ወደ ስዊድን ተመልሶ ሳብ ኩባንያ ገባ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ሳብ አንድ ጥያቄ ገጠመው። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ትእዛዝ ሲቆም ይህን ሁሉ ሠራተኛ ምን እናሠራዋለን? ሦስት የሰላም ጊዜ ምርቶችን አሰበ፤ ተራ ቁጥርም ሰጣቸው። 90 የመንገደኛ አውሮፕላን፣ 91 ትንሽ የጉዞና የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ 92 መኪና። የሳብ መኪና ታሪክ የተጀመረው እንዲህ ነው።

91 ቁጥሩ ሳፊር ነው። መጀመሪያ የበረረው በኅዳር 1945 ነው። ዓይቶት ለሚያውቅ የቤስትማን ታናሽ ወንድም መሆኑ ያስታውቃል። አብዛኛው አካሉ ግን ብረታ ብረት ነው፤ ጎማዎቹም በበረራ ጊዜ ይታጠፋሉ። የመጀመሪያው ሞዴል 145 የፈረስ ጉልበት ያለው የዲ ሃቪላንድ ሞተር ነበረው። ሞተሩ ከሃልፎርድ ግማሽ ሞተር ጀምሮ ሲሻሻል የመጣ ዘር ነው። ሁለቱ መስመሮች፣ የእንግሊዙ ሞተርና የጀርመን-ስዊድኑ አካል፣ እዚህ ተገናኙ። ሳፊር ሦስት ሰው ጭኖ ሩቅ ይጓዛል። ጭነቱ ሲቀልለት ደግሞ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ሥራ እንዲህ አስማምተው የያዙ አውሮፕላኖች ብዙ አይደሉም።

ይህን አውሮፕላን ቀድመው ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ኢትዮጵያ ከትንሽ አውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ግን ከዚያ በፊት ነው። በ1935፣ በጣልያን ወረራ ሰሞን፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አንድ ቀላል አውሮፕላን አገር ውስጥ ሠርቶ አበረረ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣልያኖች ወሰዷት፤ ሮም አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆይታ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በወቅቱ ዜናው ሁሉ ስለ ቅርስ መመለስ ነበር፤ ትክክልም ነው። ፀሐይ የዓለሙ የቀላል አውሮፕላን እንቅስቃሴ አካል መሆኗ ግን ብዙም አልተነገረም። ሞዝ ለንደንን፣ ዩንግማን በርሊንን በያዙበት በዚያው አሥር ዓመት አዲስ አበባም የራሷን ሞክራ ነበር።

ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ስዊድናውያን ተጠሩ። መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ አመላልሷል። በግንቦት 1947 ከስቶክሆልም በሳፊር ተነስቶ መሀል ላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ርቀቱ ከ6,200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። የፈጀበት ጊዜ ወደ 31 ሰዓት ይጠጋል።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ሞተር፣ 145 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ በአማካይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር። ከመደበኛው እጥፍ ድርብ ነዳጅ ተጭኖበት ከባልቲክ ዳርቻ ተነስቶ፣ አውሮፓን አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ከሰሃራ ምሥራቃዊ ጫፍ በላይ አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ሲደክም የኢትዮጵያን ደጋ መውጣት ነበረበት። ዛሬ ያለው የአቅጣጫ ማሳያ መሣሪያም ሆነ ጂፒኤስ አልነበረም። ለሳብ ትልቅ ማስታወቂያ ሆነለት። ለእኔ ግን የሚበልጠው ሌላው ነው፤ ይህ አውሮፕላን የመጣው ደብረ ዘይት ላይ ጀማሪዎችን ሊያስተምር ነው። የዛሬዋ ቢሾፍቱ ላይ በስዊድናውያን ሥር የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ዕጩ መኮንኖች በሳፊር ጉዞንም ግልብጥንም በአንድ አውሮፕላን ተማሩ። ሳብ በጠቅላላው 323 ሳፊር አምርቷል፤ ከነዚህ ውስጥ 120 የሚሆኑት የተሠሩት ኔዘርላንድ ነው። ፎን ሮዘን እስከ 1956 አየር ኃይሉን መርቶ ሄደ። በሐምሌ 1977 ጎዴ ላይ፣ በኦጋዴኑ ጦርነት መሀል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሞተ።

ክንፉ ሲታጠፍ

አሁን ወደ ዝሊን ልመለስ። ቤስትማንን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ በ1947 ትሬነር የተባለ የራሱን ማሠልጠኛ አወጣ። ክንፉ አንድ ጥንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ይቀመጣሉ። ከዓመት ዓመት እያሻሻሉት መጡ። በ1960 የመጀመሪያው የዓለም የአክሮባት ሻምፒዮና ብራቲስላቫ ላይ ሲደረግ ያሸነፈው ቼኮዝሎቫኪያዊው ላዲስላቭ ቤዛክ በዝሊን ትሬነር ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዝሊን የሌለው ቡድን አይወዳደርም ማለት ይቻል ነበር።

ግን ማሠልጠኛ ሆኖ የተነደፈን አካል ውድድር ላይ እያሳደዱ መደብደብ ዋጋ አለው። ሰኔ 3 ቀን 1970 እንግሊዛዊው ኒል ዊሊያምስ ሃላቪንግተን ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ሲለማመድ ከቁልቁለት አውሮፕላኑን ቀና ሲያደርግ ድንገት ጓ የሚል ድምፅ ሰማ። አንደኛው ክንፍ ከመሠረቱ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ማያያዣ ተበጥሶ ነበር።

ዊሊያምስ የተደገመ ታሪክ አስታወሰ። አንድ ቡልጋሪያዊ አብራሪ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ተመሳሳይ ነገር እንደገጠመው ሰምቶ ነበር። ያን ይዞ አሰበ። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሲበር አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የታችኛው ማያያዣ ይወጠራል። ተገልብጦ ሲበር ግን ኃይሉ አቅጣጫ ይቀይራል፤ የታችኛው ይጨመቃል፣ ውጥረቱ ወደ ላይኛው ይዞራል። ላይኛው ደግሞ ደህና ነው። ዊሊያምስ መሬት በጣም ቀርቦት ሳለ አውሮፕላኑን ገለበጠው። ክንፉ ቦታው ተመለሰ። እወድቃለሁ ብሎ ዘግቶት የነበረውን ነዳጅ ከፈተ፤ ሞተሩ ተነሳ። በግልብጡ ከፍታ ያዘ፣ በግልብጡ ዞሮ ወደ ሜዳው መጣ። ሊያርፍ አንድ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው አቀናው። ክንፉ እንደገና ተጣጠፈ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ መሬት መታ። ሰውየው በእግሩ ወጣ።

ይህን ያነሳሁት ለጀብዱ ብዬ አይደለም። ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ መገለባበጥ የሚያውቅ እጅ ማንም መጽሐፍ ያልጻፈለትን ችግር ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዝሊንን የመሰለ ሁለገብ አውሮፕላን የድካም ገደቡ ላይ ደርሶ ነበር። ውድድሩ እየከረረ ሲሄድ እሱን ብቻ አስበው የሚሠሩ አካሎች ያስፈልጉ ነበር።

ደንቡም ይህንኑ ይላል። መደበኛው የጉዞ አውሮፕላን የራሱን ክብደት 3.8 እጥፍ እንዲችል ይጠበቅበታል። የአክሮባቱ 6 እጥፍ፣ ተገልብጦ ደግሞ 3 እጥፍ። ጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ የነደፈውና በ1988 የበረረው ኤክስትራ 300 ግን በሁለቱም አቅጣጫ 10 እጥፍ ይችላል፤ የክንፉ ዋና ምሰሶ ካርቦን ፋይበር ነው። የክንፉ ቅርፅም ይለያል። የጉዞ አውሮፕላን ክንፍ ላዩ ጎበጥ፣ ታቹ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲበር ብዙ ያነሳል፣ ሲገለበጥ ግን ሰነፍ ነው። የኤክስትራ ክንፍ ላይና ታቹ አንድ ነው። የጉዞ አውሮፕላን ክንፎቹ ወደ ላይ ትንሽ ይነሳሉ፤ መሪውን ብትለቀው መንገዱን እንደለመደ በቅሎ ራሱ ይስተካከላል። ኤክስትራ ባዘነበልከው ልክ ይቆያል፤ ራሱን አያስተካክልም፣ አይረዳህም። በዚያ ላይ ተራ ካርቡራተር ያለው ሞተር ሲገለበጥ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ ነዳጁን በግፊት የሚረጭ ሥርዓት፣ ታንኩ ውስጥ ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚወድቅ ተንቀሳቃሽ ቱቦ፣ ተገልብጦም ዘይት የሚስብ ፓምፕ ይገባለታል። ይህ ሁሉ ክብደትና ገንዘብ ነው። ሐዋሳ ደርሶ ለሚመለስ መንገደኛ አንዱም አይጠቅመውም።

ሆኖም መሀል ላይ የሚቆም አውሮፕላን አይቻልም ማለት አይደለም። ፈረንሳዮች አድርገውታል። ክሎድ ፒየል በ1950ዎቹ ኤሜሮድ የተባለ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የእንጨት የጉዞ አውሮፕላን ነድፎ ነበር። ከእሱ ተነስቶ በ1968 ካፕ 10 በረረ፤ ያመረተው የኦጉስት ሙድሪ ፋብሪካ ነው። ውስጡ ሲገባ የሽርሽር አውሮፕላን ነው። ሲገለባበጥ ግን ለፈረንሳይ አየር ኃይል ማሠልጠኛነት በቅቷል። እንደ እኔ ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩት ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚሆን አሳቡ የገባው ይህ ነው።

አሜሪካ ገበያውን ወሰነች

ታዲያ ካፕ 10ን የመሰሉት ለምን ዓለምን አልሞሉትም? መልሱ ሴስና የሚሠራባት የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ናት።

አሜሪካ በ1949 ለግል አብራሪ ፈቃድ ስፒን መማርን ግዴታ መሆኑን አስቀረች። ምክንያቱ ያስኬዳል፤ በስልጠናው ራሱ የሚሞተው ሰው ብዙ ነበር፤ አምራቾችም ስፒን የማይወዱ አውሮፕላኖችን እንዲሠሩ ይበረታታሉ ተባለ። ሠሩም። በ1956 ለገበያ የቀረበው ሴስና 172 ክንፉ ከላይ ነው፣ ጎማው ሦስት እግር ነው፣ ጠባዩ ገር ነው። ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ታሪክ እንደሱ የበዛ አውሮፕላን የለም። ብዙ ሰው አስተምሯል፣ ብዙ ስህተት ይቅር ብሏል። ትምህርት ቤቶች ሌላ የሚገዙበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ከዚያ ክሱ መጣ። የ30 ዓመት አሮጌ አውሮፕላን ወድቆ ሰው ሲሞት ቤተሰብ አምራቹን ይከሳል፣ ፍርድ ቤቱ በሚሊዮን ይፈርዳል፣ ኢንሹራንሱ ይንራል። በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 ትንንሽ አውሮፕላኖች አስረክበው ነበር። በ1994 የደረሰው 928 ነው። ሴስና በ1986 ትንንሾቹን መሥራት አቁሞ ነበር። በ1994 ከ18 ዓመት በላይ ላገለገለ አውሮፕላን አምራቹ እንዳይከሰስ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ሴስናም 172ን በ1996 እንደገና ጀመረ። ግን ልብ በሉ፤ የጀመረው የ1950ዎቹን ንድፍ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አዲስ፣ ለትምህርት የሚሆን፣ መገልበጥ የሚችል አውሮፕላን ለመንደፍ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ እምብዛም አልነበረም። የአክሮባቱ ዓለም ከጉዞው ተለይቶ ለጥቂት ሻምፒዮኖች በሚሠሩ አነስተኛ ፋብሪካዎች እጅ ቀረ።

ዋጋው የት ታየ?

በየካቲት 2009 ኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 የኤር ፍራንስ በረራ 447 አትላንቲክ ላይ ወደቀ፤ 228 ሰው። ሁለቱ አውሮፕላኖች በጣም ይለያያሉ። የተደረገው ስህተት ግን አንድ ነው። ክንፉ አየሩን በጣም በከረረ ማዕዘን ሲመታ አየሩ ከላዩ ይላቀቃል፤ ክንፉ ማንሳት ያቆማል። ይህ ስቶል ነው። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም ጋ መሪውን የያዘው አብራሪ ወደ ራሱ ሳበው። ሰው ሲወድቅ ወደ ላይ መሳብ የተፈጥሮ ምላሽ ነው። ያንን ምላሽ የሚሽረው ልምምድ ብቻ ነው፤ የዩንግማን ተማሪ ደግሞ ይህን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነበር።

እኛም ሐዘን አለን። ጥር 25 ቀን 2010 ከቤይሩት የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ባሕር ላይ ወድቆ ተሳፍረው የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች በ2012 ባወጡት ሪፖርት አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ከቁጥጥር አውጥተውታል አሉ። አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም፤ በጥብቅ ተቃውሟል። የማንም መደምደሚያ ትክክል ይሁን፣ ጨለማ ሌሊት ላይ፣ ማዕበል ውስጥ፣ አድማስ ሳይታይ የተዛባን አውሮፕላን ማቅናት በምንም መልኩ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2014 ዝርዝር መመሪያ አውጥቶ ይህ ሥልጠና እንዲስፋፋ አደረገ። የአውሮፓው የሦስት ሰዓት ደንብ ከዚያ የመጣ ነው። ሲሙሌተር ለምን አይበቃም? ምክንያቱም ሲሙሌተር ሰውነትህን ሁለትና ሦስት እጥፍ አያከብደውም፤ ከወንበርህም አያነሳህም። ያ ስሜት ሲመጣ ጭንቅላት የሚያስበውን ይረሳል። አንዴ እንኳ የቀመሰው ሰው ሁለተኛው ላይ ያስባል።

ሌላኛው ወገን የሚያነሳው ስጋትም መሠረት አለው። በኅዳር 2001 ኒው ዮርክ ላይ የወደቀው የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ 587 ረዳት አብራሪው የጅራቱን መሪ ከልክ በላይ ወዲያና ወዲህ በመርገጡ ጅራቱ ተገንጥሎ ነው 265 ሰው የሞተው። መርማሪዎቹ የኩባንያው የሥልጠና ፕሮግራም ለዚያ አስተዋጽኦ አድርጓል ብለዋል። በኤክስትራ የሚሠራ ነገር ሁሉ በኤርባስ አይሠራም። ስለዚህ አስተማሪው ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ መሆን አለበት። ትርኢት አሳይቶ ተማሪውን ማስታወክ ትምህርት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አፍሪካ አገሮችንም አብራሪዎች ያስተምራል። ከአውሮፕላኖቹ መካከል ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ይገኛሉ፤ ሁለቱም የጉዞ ዘር። እዚህ ላይ ሦስት ነገር መታሰብ አለበት።

አንዱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ገና መሬት ላይ ሳለ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ግልብጥ ለማስተማር ደግሞ ከመሬት ቢያንስ 1,500 ሜትር ርቆ መጀመር ይመከራል። ድምሩ ወደ 3,800 ሜትር ይመጣል። ኦክስጅን የሚያስፈልግበት አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ግን 1,160 ሜትር ላይ ናት። ሥልጠናው እዚያ ቢሰጥ ስሌቱ በአንዴ ይቀላል።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። አብዛኞቹ የአክሮባት አውሮፕላኖች የሚጠጡት እርሳስ ያለበትን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። በአፍሪካ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም፤ በአውሮፓና በአሜሪካም በእርሳሱ ምክንያት ሊወገድ መንገድ ላይ ነው። ዲኤ40 በትልልቆቹ ጄቶች ነዳጅ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ስላለው እዚህ ተስማምቶታል። በናፍጣ ሞተር የሚገለባበጥ አውሮፕላን ግን ገበያ ላይ የለም ለማለት ይቀርባል።

ሦስተኛው፣ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ግሮብ ጂ 120 ቲፒ የተባለ የጀርመን ማሠልጠኛ አለው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ይገለባበጣል፣ 450 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ተርባይን ሞተሩ በጄት ነዳጅ ይሠራል፣ ከፍታ ላይም ብዙ አይቸገርም። ቢሾፍቱ ከቦሌ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ለአንድ ዕጩ አብራሪ የሚያስፈልገው ሦስት ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲውና አየር ኃይሉ በሰዓት ሒሳብ ቢስማሙ አዲስ አውሮፕላን ሳይገዛ ሥልጠናው ሊጀመር ይችላል። የሚቀረው ዋና ሥራ አስተማሪ ማዘጋጀት ነው፤ ተዋጊ አብራሪውን ስለ ቦይንግ ጠባይ፣ የአየር መንገዱን ካፒቴን ስለ ስፒን አስተምሮ አንድ ወንበር ላይ ማገናኘት። ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቢጀመር ጥሩ ነው።